የሐያት ትከሻ

ይህን ነገር ልጽፍ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ እንዳስቀመጥኩ አላህ ያውቃል። ስጀምረው ሁልጊዜ ብዕሩ እኔን ደግ ሰው ወደሚያስመስል ቦታ ይወስደኛል፤ እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን እቀደዋለሁ። አሁን የሆነውን እንደሆነው ልናገር። ካነበባችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

እንድሪስ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ቴኒስ አሰለጥናለሁ። “ኮምቦልቻንና ቴኒስን ምን አገናኛቸው?” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አባቴ የሽመና ክፍል ሠራተኛ በነበረበት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ ድሮ የነበሩ የውጭ ባለሙያዎች ለራሳቸው መዝናኛ ያሠሩት የቀይ አፈር ሜዳ አለ። እነሱ ሄዱ፤ ሜዳው ቀረ። እኔም እነሱ ጥለውት በሄዱት ራኬት ተማርኩ። ጦርነቱ መጥቶ ሲያልፍ መረቡም የሽቦ አጥሩም አልነበረም። አፈሩን ግን ማንም ተሸክሞ ሊሄድ አይችልምና ሐይቅ ከተማ ሄደን ከዓሣ አጥማጆች ያረጀ መረብ አምጥተን ወጠርንበትና እንደገና ጀመርን።

ሥራዬ ልጆቹን ኳስ ማስመታት ብቻ አልነበረም። አሜሪካ ያሉ ኮሌጆች ጥሩ ቴኒስ ለሚጫወት ተማሪ ትምህርቱንም መኝታውንም ምግቡንም ችለው እንደሚወስዱ ካወቅኩ ወዲህ ሌላ ሐሳብ ጠፋብኝ። ልጆቹን በስልኬ እቀርጻለሁ፤ ለማላውቃቸው አሰልጣኞች በተሰባበረ እንግሊዝኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ከመቶ አንዱ ሲመልስልኝ ቀኑን ሙሉ እንደ ልጅ እፈነድቃለሁ።

ከሐያት በፊት ሦስት ልጆች ለመላክ ሞክሬ ነበር። አንዱ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ቪዛ ተከለከለ። አንዷ የእንግሊዝኛ ፈተና ለመውሰድ አዲስ አበባ ልትሄድ በተዘጋጀችበት ሳምንት መንገድ ተዘጋ፤ ፈተናው አለፋት። ሦስተኛው ተስፋ ቆርጦ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ወጣ። እስከ ዛሬ ድምፁን የሰማ የለም። እናቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ብላኝ ታልፋለች፤ ስለ ልጇ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

ሐያት አራተኛዋ ነበረች። የደሴ ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ሙሐመድ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቅድመ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የከተሙ። ሐያት የትምህርት ቤት ውድድር ላይ ሩጫ ስትሮጥ አይቻት ነው የጠራኋት። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ሒጃቧን አንገቷ ላይ አጥብቃ አስራ፣ በሳምንት ሦስት ቀን በሚኒባስ ከደሴ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልቀረችም። ቴኒስ ውስጥ ሰርቭ የሚባለውን፣ ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮ ከአናት በላይ የሚመታውን፣ እንደ እሷ የሚመታ በአካባቢያችን ወንድም ሴትም አልነበረም።

ሐጂ ሙሐመድ መጀመሪያ እሺ አላሉም። ሱቃቸው ድረስ አራት ጊዜ ተመላልሼ ነው ያሳመንኳቸው። በአራተኛው ቀን ሜትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦

“ወላሂ እንድሪስ፣ እኔ ይህን ጨዋታ አላውቀውም። አንተን ግን ከነቤተሰብህ አውቅሃለሁ። ልጄን አማና ሰጥቼሃለሁ።”

አማና ማለት በአላህ ፊት የሚጠየቁበት አደራ ነው። “ሐጂ፣ አይዞዎት” አልኩ። በቃ፤ አፌ ላይ ቀሎኝ።

ሐያት አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች አንዲት የኮሌጅ አሰልጣኝ ከአሜሪካ መለሰችልን። ለሦስት ወር ተጻጻፍን። የሐያትን ቪዲዮ አየች፤ የትምህርት ውጤቷንና የእንግሊዝኛ ፈተናዋን አየች፤ ወደደቻት። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ በቡድኑ ውስጥ የቀረኝ አንድ ቦታ ነው፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ሐያትን በቀጥታ በኢንተርኔት ስትጫወት ልያት፤ ሰኞ እወስናለሁ።

ደብዳቤውን ሳነብላት ሐያት ሜዳው ላይ ሱጁድ ወረደች። ግንባሯ ላይ ቀይ አፈር ይዛ ስትነሳ አለቀስኩ።

ለቅዳሜው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትከሻዋን አመማት።

ኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ እጇን አንስቶ አወረደ፤ በአልትራሳውንድ አየ፤ ከዚያ ሐያት ልብሷን እንድታስተካክል ወደ ውስጥ ስትገባ እኔን አጠገቡ አስቀመጠኝ።

“አባቷ ነዎት?”

“አሰልጣኟ ነኝ።”

“የትከሻዋ ጅማት በከፊል ተቀዷል። ቢያንስ ሦስት ወር ይህን እጇን ከአናቷ በላይ እንዳታነሳ። ኳስ የሚባል ነገር እንዳትመታበት። አሁን ካረፈች ይድናል። ከመታችበት ግን ሙሉ በሙሉ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ለእሷ ልንገራት?”

“እኔ እነግራታለሁ” አልኩ።

ውጤቱን የጻፈበትን ወረቀት አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሐያት ወጣች፤ ዓይኖቿ ፊቴ ላይ ተተክለዋል።

“ምን አለ ጋሼ?”

ከክሊኒኩ በር እስከ መንገዱ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሃያውን እርምጃ ዝም ብዬ ሄድኩ። ሐሳቤ ውስጥ ሳዑዲ ልሄድ ብሎ የጠፋው ልጅ ነበር፤ እናቱ ነበረች፤ “አንድ ቦታ ብቻ” የሚለው ደብዳቤ ነበር። ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረ፦

“ድካም ነው። ጡንቻሽ ነው። ትንሽ ካሳረፍሽው ይተውሻል።”

“አልሐምዱሊላህ!” አለች። “ወላሂ ፈርቼ ነበር።”

ለራሴ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። አንድ ሰዓት ብቻ ናት አልኩ። አንድ ሰዓት ተጫውታ ቦታውን ትያዝ፤ ከዚያ ሦስት ወር ታርፋለች፤ ትሄዳለች፤ እዚያ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ሐኪም አለ። የሰው ጭንቅላት ለሚፈልገው ነገር ምክንያት አያጣም። ሁለት ሳምንት ሰርቭ አስተውኳት። ሥቃዩ ግን አልተዋትም። አንድ ቀን ቦርሳዋን በግራ እጇ ስታነሳ አየሁና አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። አሰልጣኟ የምታየን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሐያትን አንዲት የማውቃት ነርስ ዘንድ ወሰድኳትና ሕመሙን የሚያደነዝዝ መርፌ አስወጋኋት። ለነርሷ “ሐኪሙ ፈቅዷል” አልኳት። ውሸት ነበር። ሐያት “ምንድነው ጋሼ?” ብላ ጠየቀችኝ፤ “ማስታገሻ ነው፤ አብሽሪ” አልኳት። “ቢስሚላህ” ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሌላ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ሜዳው ስንደርስ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ሐጂ ሙሐመድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ፒክአፓቸውን አጥሩ ሥር አቁመው፣ ከፋብሪካው ዘበኛ የተዋሱት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ልጃቸው ስትጫወት ሊያዩ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

“ሱቁን ዘግቼ መጣሁ” አሉኝ እየሳቁ። “ልጄን አሜሪካ የሚወስድ ጨዋታ ምን እንደሚመስል ልይ እንጂ!”

እጃቸውን ጨብጬ ዓይናቸውን ሳላይ አለፍኩ።

ከፋብሪካው ቢሮ በተዘረጋ ገመድ ኢንተርኔት አመጣን፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበር ላይ ካርቶን ደርድረን ሜዳውን በሚያሳይ በኩል አቆምነው። ሐያትን የምትገጥመው ሰላም የምትባል ከእሷ በሁለት ዓመት የምታንስ ሌላዋ ሰልጣኜ ነበረች። አሥር ሰዓት ላይ የአሰልጣኟ ፊት ብቅ አለ። ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ጎልማሳ፣ ፈገግታዋ የሚያረጋጋ ሴት ናት። ሐያት ቀርባ ተነጋገረች። ምን መማር ትፈልጊያለሽ ስትባል “ኢንጂነሪንግ” አለች፤ አባቴ እዚህ አለ ብላ ሐጂን አሳየቻት። ሐጂ ብድግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለላፕቶፑ ሰላምታ ሰጡ።

ጨዋታው ተጀመረ። መርፌው ሠርቶ ነበር። ሐያት እንደዚያን ቀን ተጫውታ አታውቅም። ኳሱ ከራኬቷ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ሌላ ነበር። ሐጂ ጨዋታው ሳይገባቸው በመታች ቁጥር “ማሻአላህ! ማሻአላህ!” ይላሉ። አሰልጣኟ ማስታወሻ ትይዛለች። እኔ ላፕቶፑ አጠገብ ቆሜ እጄን እንደ ሶላት ሰጋጅ አጣምሬያለሁ።

ሃያ ደቂቃ ሲሆን አሰልጣኟ “አሁን ሰርቭ ብቻ አሳዩኝ” አለች።

ሐያት መታች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። አሰልጣኟ “በጣም ጥሩ፤ ጨምሩልኝ” ትላለች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሐያት ራኬቱን ወደ ግራ እጇ አዛውራ ቀኝ ትከሻዋን ያዝ አደረገችና ወደ እኔ አየች።

በሕይወቴ ብዙ ሰው አይቶኛል። እንደዚያ ያየኝ የለም። ዓይኗ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ልተወው?

ያኔ ማቆም እችል ነበር። እጄን ማንሳት ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን በአገጬ “ቀጥዪ” አልኳት።

“አሁን ደግሞ አንዴ ባለሽ ኃይል ሁሉ” አለች አሰልጣኟ።

ሐያት ኳሱን ወረወረች። ጀርባዋ እንደ ቀስት ተለመጠ። የራኬቱን ድምፅ አልሰማሁም፤ የእሷን ነው የሰማሁት። ጩኸትም አልነበረም፤ ከሆዷ እንደ ወጣ አጭር ትንፋሽ ነበር። ራኬቱ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሐያት በጉልበቷ ወደቀች፤ ቀኝ እጇ ከሰውነቷ ያልሆነ ይመስል ጎኗ ላይ ተንጠለጠለ።

አሁን የምጽፈው ሲያሳፍረኝ የሚኖር ነገር ነው። መጀመሪያ ያየሁት እሷን አይደለም። ላፕቶፑን ነው። የአሰልጣኟ ፊት አፏ ግማሽ እንደተከፈተ ደርቆ ቀርቷል። ኢንተርኔቱ ተቋርጧል። አላየችም! “አልሐምዱሊላህ” አልኩ በልቤ። ልጅ መሬት ላይ ወድቃ እያቃሰተች እኔ ጌታዬን አመሰገንኩ። ከዚያ በኋላ ነው የሮጥኩት። ሐጂ ሙሐመድ በዚያ ዕድሜያቸው ቀድመውኝ ደርሰው ነበር።

በፒክአፑ ወደ ደሴ ወጣን። እሳቸው ይነዳሉ፤ ሐያት መሐል ላይ፣ እኔ በዳር። ሐረጎ ዳገት ላይ በየመታጠፊያው ከንፈሯን ትነክሳለች። ሐጂ በከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋሉ። ዳገቱን ልንጨርስ ስንል ሐያት በቀስታ ወደ እኔ ዞረች።

“ጋሼ፣ አይታለች?”

“አላየችም። ተቋርጦ ነበር።”

“አልሐምዱሊላህ” አለች፤ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ።

እኔ ያልኩትን ቃል ነው ያለችው። ከእሷ አፍ ስሰማው ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ደሴ ሆስፒታል እንደደረስን ያያት ሐኪም ወጣት፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ትከሻዋ ከቦታው ወጥቶ ነበርና መለሰው፤ ምስል አስነሳ። ከዚያ አልጋዋ አጠገብ መጥቶ ጠየቃት፦

“ከዚህ በፊት አሞሽ ያውቃል?”

“ከሁለት ሳምንት በፊት አሞኝ ነበር። ኮምቦልቻ ታይቼ ድካም ነው ተባልኩ።”

“ይህ የሁለት ሳምንት ድካም አይደለም እህቴ። ጅማቱ ቀድሞ የተቀደደ ነው። ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ። ድካም ነው ያለሽ ማነው?”

ሐያት ራሷን ትራሱ ላይ አዙራ እኔን ብቻ አየችኝ። ሐጂም አዩኝ።

“የዚያን ጊዜው ወረቀት ይኖራል?” አለ ሐኪሙ።

ጠፍቷል ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። ቦርሳዬን ከፈትኩና ሰጠሁት። አነበበው። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አወጡ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር መልሰው ለሐኪሙ ሰጡት።

“ምን ይላል?”

“ጅማቷ ስለተቀደደ ለሦስት ወር እንዳትጫወት ይላል። ለአሰልጣኟ ተነግሮታል ይላል።”

ክፍሉ ውስጥ የሌላ አልጋ በሽተኛ ሳል ይሰማል። ሐያት በአምስት ዓመት ውስጥ ከአንቱ በቀር ብላኝ አታውቅም።

“ታውቅ ነበር?” አለችኝ።

“ሐያት...”

“መርፌውን ስታስወጋኝ ታውቅ ነበር? ቀጥዪ ስትለኝ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ ቀኙ በፋሻ ታስሮ ዝም ብሏል።

ሐጂ ሙሐመድ ክንዴን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡኝ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ምነው በመቱኝ።

“አማና ነበር የሰጠሁህ” አሉኝ። ድምፃቸውን አላነሱም። ከዚያ ገብተው በሩን ዘጉ።

እሑድ ጠዋት ደሴ ዘመድ ቤት ሆኜ ስልኬን ስከፍት የአሰልጣኟ ደብዳቤ ደርሷል። “ኢንተርኔቱ መቋረጡ ያሳዝናል፤ ያየሁት ግን ከበቂ በላይ ነው። ቦታው የሐያት ነው። የተያያዘውን የጤና ቅጽ ፈርመው እስከ ሰኞ ይላኩልኝ” ይላል። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ተጫዋቿ ለመጫወት የሚያግዳት ምንም ዓይነት ጉዳት የለባትም፤ የአሰልጣኝ ፊርማ።

ሕይወቴን ሙሉ የጠበቅኩት ደብዳቤ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አንገቴን ደፋሁ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐጂ ለሶላት ወጥተው ነበር። ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ዓይኗ ፊት አድርጌ ያዝኩላት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

“ፈርም” አለች።

“ሐያት፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተሻል። ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል። አንድ ዓመት...”

“ፈርም! እኔን ዋሽተኸኛል። አባቴን ዋሽተሃል። ነርሷን ዋሽተሃል። ይህን ሁሉ የዋሸኸው ለዚህ ደብዳቤ አልነበር? አሁን ለእኔ ብለህ አንድ ጊዜ ዋሽ። ከዚያ ልሂድና የሚሆነውን ልሁን።”

“እዚያ እንደደረስሽ ያጫውቱሻል። በዚህ እጅ ብትጫወቺ...”

“እጄ የእኔ ነው!” ብላ ጮኸች። ሌሎቹ በሽተኞች ቀና አሉ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ልመና ሆነ። “እጄ እንደሆነ ሄዷል። ቦታውን እንኳ ተውልኝ። ቢላሂ፣ ፈርም።”

ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ያን ቀን ከሰዓት ከደሴ አደባባዮች ያልረገጥኩት የለም። ብፈርም ትሄዳለች፤ ያመማትን ትደብቃለች፤ መደበቅን ደግሞ ከእኔ ተምራለች። እጇን ጨርሳ ታጣዋለች። ወይም እዚያ ሲመረምሯት ይገለጥና በሰው አገር ብቻዋን አታላይ ትባላለች። ባልፈርም ደግሞ መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ቀጥሎ ቦታዋን የወሰድኩባት እኔው ነኝ። የቱንም ብይዝ ልጅቷን የሚጎዳት የእኔ እጅ ነው። መስጊድ ገብቼ የዐስርን ሶላት ሰገድኩ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ተቀምጬ ወጣሁ።

ሰኞ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፋብሪካው ቢሮ ገባሁና ጻፍኩ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አጭሩ ነው። ሐያት ቅዳሜ እርስዎ ሳያዩ ክፉኛ ተጎድታለች፤ አንድ ዓመት ያህል መጫወት አትችልም። ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ከልክሏት ነበር፤ እኔ ደብቄያታለሁ። እሷ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ቢችሉ ቦታዋን ይጠብቁላት። ላክሁት። 

ማክሰኞ መልሱ መጣ። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ ይላል። ለሐያት አዝናለሁ፤ ቦታውን ግን አንድ ዓመት ልጠብቅላት አልችልም፤ ለሌላ ተጫዋች ሰጥቻለሁ። በመጨረሻ አንድ መስመር ነበረው፦ ከእንግዲህ በእርስዎ በኩል የሚመጣ ተጫዋች መቀበል አልችልም።

ያ መስመር ሐያትን ብቻ አልነበረም የነካው። ሰላምንም፣ ከሰላም ኋላ ያሉትንም ነበር።

ደሴ ወጣሁና ለሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ቆሜ ነገርኳቸው። ሰው ይገባል ይወጣል። ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ “መጻፍህ ደግ ነው” አሉ። “ከእንግዲህ ግን በልጄ መንገድ ላይ እንዳላይህ።”

ወጣሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሜዳውን አልረገጥኩም። ራኬቶቹን ለሰላም ሰጥቼ ልጆቹን እሷ ሰብስባ ታጫውት ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ፊሽካ እየነፋሁ፣ ቤቴ ገብቼ ግድግዳ እያየሁ ዋልኩ። ሐያት አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና እንደተደረገላት ከሰው ሰማሁ። ከዚያ ደሴ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ሰማሁ። እጇ ከትከሻዋ በላይ እንደማይወጣ ሰማሁ።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለምታነቡኝ የምለው አለ፤ በተለይ የሰው ልጅ በእጃችሁ ላለ። አስተማሪ ሁኑ፣ አሰልጣኝ ሁኑ፣ ወላጅ ሁኑ። እኔ ልጆቹን እወዳቸው ነበር። ውሸቴን ይህ አያቀለውም፤ እንዲያውም ዋሽቼ ሳለሁ እንደ ደግ ሰው እንድተኛ ያደረገኝ እሱ ነው። ለእሷ ብዬ ነው እያልኩ ስለ እሷ ራሷን ሳልጠይቃት ወሰንኩ። አሁን አንድ ሕግ አለኝ። የታመመ ልጅ ሐኪም ዘንድ ስወስድ ከክፍሉ የምወጣው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ለልጁና ለወላጁ ይነግራል፤ እኔ ከእነሱ አፍ እሰማለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ያን ቀን ከሐኪሙ ክፍል የወጣሁት እኔ ብሆን ኖሮ ሐያት ዛሬ የት ነበረች እያልኩ ነው የምውለው።

ወደ ሜዳው የመለሰችኝ ራሷ ሐያት ናት። ካደጋው ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሰላም ደወለችና “ጋሼ፣ ሐያት ሜዳው ላይ ትፈልግዎታለች” አለችኝ። ሄድኩ። ሐያት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ተቀምጣለች። በግራ እጇ ትጽፋለች። ለካ ላለፉት ወራት ለሰላም ኮሌጅ የምታፈላልግላት እሷ ነበረች፤ ደብዳቤዎቹን በራሷ ስም ትጽፋለች። አንዱን ሰጠችኝ። ሰላም ቁርጭምጭሚቷን ወለም ብሏት እንደነበረ፣ መቼ እንደዳነ፣ ሁሉም ተጽፏል። አንድ ኮሌጅ ፍላጎት አሳይቷል፤ ሰላምን የሚያሠራ ሰው ያስፈልጋል።

“በእኔ የተቀየምሽ መስሎኝ...” አልኩ። “ቅጹን ባለመፈረሜ...”

“ቅጹን አይደለም” አለችኝ። “ያን ጊዜ ብትፈርም ኖሮ ዛሬ እጄ ጭራሽ አይኖርም ነበር፤ ገብቶኛል። ለፈረንጇ እውነቱን በአንድ ቀን ነገርካት። እኔ አምስት ዓመት አብሬህ ነበርኩ። ለእኔ እንዳትናገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ከለከለህ?”

 

“አውፍ በይኝ ሐያት፤ ይቅር በይኝ” አልኩ።

ወረቀቶቿን በግራ እጇ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። 

“ገና ነኝ” አለች። “ነገ ግን በሰዓቱ ና። ሰላም ሰርቯ ደካማ ነው።”

በማግስቱ ከሰዓቱ ቀድሜ ደረስኩ።